ተቀባይ ያጣ ሠርግ

አንድ ጊዜ፣ ዱሩ በሙሉ ለአንድ አንበሳ በሚገብርበት ዘመን፣ ከወንዝ ወዲህም ከወንዝ ወዲያም ስሙ የተጠራ አንድ የዘፈን ቡድን ነበር። አውራጁ አያ ጅቦ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቀበሮ ነው። ከኋላ ቆመው የሚቀበሉት ደግሞ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ቆቂት፣ አህዪትና እንኮዬ ጦጢት። በየሠርጉ «የጅቦ ቡድን መጣ» ይባላል እንጂ ሴቶቹን በስም የሚጠራቸው የለም። ስማቸው የሚጠራው ያረፈዱ ቀን ብቻ ነው።

«ጅብና አህያ በአንድ መድረክ እንዴት ቆሙ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንበሳው ዘፈን ነፍሱ ነው። ስለዚህ «በዱሬ ውስጥ ዘፋኝ አይበላም» ብሎ አዋጅ አስነግሮ ነበር። አያ ጅቦም አዋጁን ያከብራል፤ አህዪት ወገቧን እያወዛወዘች ስትቀበል ምራቁን እየዋጠ ያከብራል። ቀበሮም ቆቂትን ባየ ቁጥር ከንፈሩን እየላሰ ያከብራል።

የቡድኑ አሠራር ቀላል ነበር። አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ይወጣና የመጀመሪያዋን ስንኝ ያወርዳል። ከዚያ ሴቶቹ ይቀበሉታል። ሁለተኛዋን ስንኝ እነሱ ይሏታል፣ ያጨበጭባሉ፣ እልል ይላሉ፣ ዘፈኑ ነፍስ ይዘራል። እነሱ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አያ ጅቦ ከከበሮው ጀርባ ያስቀመጣትን አጥንት ይቆረጥማል። ሴቶቹ ሲጨርሱ አፉን ይጠርግና እንደገና የመጀመሪያዋን ስንኝ ያወርዳል። በዚህ ዓይነት ዘመኑን ሙሉ ሲዘፍን ኖሮ የአንዱንም ዘፈን ሁለተኛ ስንኝ ሰምቶ አያውቅም። አጥንት ሲቆረጥሙ ጆሮ አይሰማም። ግማሽ ዘፈን ይዘፍናል፣ ሙሉ ጭብጨባ ይወስዳል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስጨንቀዋል?

ግጥሙንም ዜማውንም የምታወጣው ቆቂት ነበረች። ዕንቁላሎቿን ታቅፋ ስትቀመጥ እግሯ ሥራ ይፈታል፣ አንደበቷ ግን አይፈታም። ከሁሉም የተወደደላት የሠርግ ደጃፍ ዘፈኗ ነው። የአገሩ ወግ የታወቀ ነው፤ የሙሽራው ወገን ሊወስዳት ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች ደጃፉን ዘግተው እየዘፈኑ ይከለክላሉ። ክልከላው ጨዋታ ነው። ሚዜዎቹ በዘፈን መከልከልን ይወዱታል፤ ዝም ተብለው ከገቡማ «ልጅቱን የሚሳሳላት የለም እንዴ?» ብለው ይታዘባሉ። ቆቂት ታላቂቱን ልጇን የዳረች ቀን፣ ሳቅና እንባ ጉሮሮዋ ላይ ሲጋፉባት፣ ይህችን አወጣች፦

ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት፣
ገና አልጠገበችም የእናቷን ወተት።

«ቆቅ ደግሞ መቼ አጥብታ ታውቃለች?» የሚል ካለ፣ እሱ ግጥም ገጥሞ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ዘፈን ያልተዘፈነችበት ሠርግ አልነበረም። የምትወርደው ግን በአያ ጅቦ አፍ ነው።

አንድ ቀን ትንሿ ልጇ መሬት እየጫረች ይህችኑ ዘፈን ስታንጎራጉር ቆቂት ሰማቻትና ደስ አላት።

«ጎሽ የኔ ልጅ። የማን ዘፈን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«የአያ ጅቦ ናት።»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም ነው የሚለው። አንቺማ ከኋላ ሆነሽ ታጨበጭቢያለሽ።»

ቆቂትን ክፉኛ ከፋት። የገዛ እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ ያወጣቻቸው ዜማዎች እስከ ዛሬ በየደጁ ይዘፈናሉ፤ ስሟን ግን ከቆቂት በቀር የሚያስታውሰው የለም። «እኔም እንደሷ ልቀር ነው» አለች በልቧ። ሽልማት አልተመኘችም። ሁልጊዜ ከፊት መቆምንም አልተመኘችም። ይህችን አንዲት ዘፈን አንድ ቀን ራሷ አውርዳት፣ «የቆቂት ናት» ሲባል ልጇ እንድትሰማ ብቻ ፈለገች።

በዚያው ሰሞን የአንበሳው ልጅ ታጨች። ሙሽራው ከወንዝ ማዶ የሚገዛው አንበሳ ልጅ ነው። ሁለቱ አባቶች ዘመናቸውን ሙሉ ሲዋጉ ኖረው በዚህ ጋብቻ ሊታረቁ ነውና የሠርጉ ነገር ቀላል አልነበረም። እናቲቱ አንበሳ ባሏን «በልጄ ሠርግ የሴት ድምፅ በደንብ ይሰማልኝ» አለችው። እሱም ቀበሮን አስጠርቶ «ሴቶች በዘፈኑ በሚገባ ይወከሉ» ብሎ አዘዘው።

ቀበሮ ትእዛዝ አያሳድርም። ወዲያው ስለ ሴቶች ውክልና የሚመክር ስብሰባ ጠራ። የመጡት አያ ጅቦ፣ ከርከሮ፣ አውራ ዶሮና የአህዪት ባል ናቸው። ቆቂትም ልጇን አስከትላ ልትገባ ስትል ቀበሮ በር ላይ በትሕትና መለሳት።

«እመት ቆቂት፣ ዛሬ የምንወያየው ስለ ሴቶች ነው። አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ?»

ተመልሳ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጠች። ቆቅ አይደለች? ጆሮዋ አይተኛም።

«ሴቶችን በሙዚቃው አስገቡ ተብለናል» አለ ቀበሮ።

«የት ይገባሉ? ቦታው ጠባብ ነው» አለ ከርከሮ፣ የሦስት እንግዳ ቦታ ይዞ እንደተጋደመ።

«የሴት ድምፅ ቀጭን ነው፤ ለጆሮ አይመችም» አለ አውራ ዶሮ፣ ጆሮ በሚበሳ ቀጭን ድምፅ።

የአህዪት ባል ሚስቱን አስታውሶ ሊናገር አፉን ከፈተ። አያ ጅቦ ዞር ብሎ ሲያየው ግን ያዛጋ አስመሰለ።

ቀበሮ እግሩን አነባበረ። «ወንድሞቼ፣ ይህን ነገር እኛ ሳናውቀው ጨርሰነዋል» አላቸው። «ለመሆኑ ከበሯችን ላይ የተወጠረው የምን ቆዳ ነው?»

«የላም» አለ ከርከሮ።

«ላም ምንድን ናት?»

«ሴት።»

«በዘፈናችን ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማውስ?»

«ከበሮው።»

«ታዲያ ሴቷ ቀድማን የለም ወይ?»

አጨበጨቡ። የላሟ ነገር ሲነሣ አያ ጅቦ ሆዱ ጮኸና «እንዲህ ያለችውን ሴት ያብዛልን» አለ። ስብሰባው አንድም ተቃዋሚ ሳይኖር ተዘጋ። ላሚቱም አልተቃወመችም።

ወጣ ወጣ ሲሉ ቆቂት ከቁጥቋጦው ብቅ አለች። አህዪትና ጦጢትም ወሬውን ሰምተው መጥተው ነበር።

«አያ ጅቦ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው» አለችው ቆቂት። «በዚህ ሠርግ የደጃፉን ዘፈን እኔ ላውርዳት። ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

አያ ጅቦ ዙሪያውን አየ። ቀልድ መሆኑን የሚነግረው ፈልጎ ነው።

«አንቺ ካወረድሽ ማን ይቀበላል?»

«አንተ።»

«እኔ? ተቀባይ ልሁን?» አለ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?»

«የኛስ ተገላቢጦሽ ነው። አንተ ትጀምረዋለህ እንጂ የሚያልቀው በእኛ ነው።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?» አለ አያ ጅቦ። የምሩን ነው፤ አልገባውም።

ቀበሮ መካከል ገባ። «እመት ቆቂት፣ ዘፈኗ ያንቺ መሆኗን ማን ካደ? ነገር ግን ሕዝቡ የለመደው እሱን ነው። ደግሞ አጭር ነሽ፤ ራቅ ብሎ የቆመው አያይሽም። የልጆች እናት ከፊት ቆማ ሁሉ ሲያፈጥባትስ ደስ ይላል? እኔ ላንቺው ክብር ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አልቀበልም» አለች ቆቂት።

«አለመቀበል መብትሽ ነው።» ቀበሮ ከንፈሩን ላሰ። «ብቻ አዋጁ የሚለው ዘፋኝ አይበላም ነው። ከቡድኑ ከወጣሽ ዘፋኝነቱ ይቀራል፤ ቆቅ ነሽ።»

ቆቂት ፈራች። ልጇ ከኋላዋ ተሸጉጣ ቆማ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለልጇ ብላ ትመለስ ነበር። ያን ቀን ግን ለልጇ ብላ መመለስ አቃታት።

«ቆቅ ልሁን» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች።

«እኔም እሷ የሌለችበትን አልቀበልም» ብላ እንኮዬ ጦጢት ተከተለቻት። የቀረችው አህዪት ነች። ለእሷ ነገሩ ከሁሉም ይከብዳል፤ አያ ጅቦ እዚያው አጠገቧ ቆሟል። ባሏን አየችው። ባሏ መሬት መሬት ያያል።

«አንተስ አትመጣም?» አለችው።

«እኔማ» አለ ባሏ በቀስታ፣ «ያንቺን ቦታ እንድይዝ ተጠይቄአለሁ።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አህዪት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። ከጅብ ጋር ይዘፍናል ሲባል ግን የሰማችው ያን ዕለት ነው። ንዴቱ ፍርሃቷን አባረረላትና አቧራ አስነሥታ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አለ አያ ጅቦ ከኋላቸው። ከዚያ ወደ ቀበሮ ጠጋ ብሎ «አህዪትን መቼ ነው የምበላት?» ሲል ጠየቀው።

«ከሠርጉ በኋላ» አለው ቀበሮ። «አሁን ሥራ አለብን።»

ሴቶቹ ወንዙ ዳር ካለው የአጋም ጥሻ ገብተው ተሸሸጉ። እሾሁ ሥጋ በል አያስገባም። ከአጋሙ በላይ አንድ ረጅም ሾላ ቆሟል፤ ጦጢት ጫፉ ላይ ወጥታ የአንበሳውን ግቢ እያየች ከታች ላሉት ታወራላቸዋለች።

«ልምምድ ጀምረዋል። ከርከሮ ሻሽ አስሯል።»

«ሻሽ ለምኑ?» አለች አህዪት።

«ሴት ተወክላለች እንዲባል ነዋ። ሻሹ ከክራንቻው ጋር ተጠላልፎበት እየታገለ ነው።»

ልምምዱ ግን አልሆን አለ፤ አውራጅ እንጂ ተቀባይ አልነበረማ። አያ ጅቦ ያወርዳል። ከርከሮ መቀበል ሲገባው እሱም ያወርዳል። አውራ ዶሮ «ፀሐይን እንኳ ጠርቼ የማወጣት እኔ ነኝ፤ ለጅብ ልቀበል?» ብሎ ከሁለቱም በላይ ጮኾ ያወርዳል። ሁሉም «ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት» ይልና ሌላው እንዲቀበለው ቆሞ ይጠብቃል። የሚቀበለው ሲያጣ ያንኑ ከፊተኛው የበለጠ ጮክ ብሎ ይደግማል። ሊቀበል የሞከረ የአህዪት ባል ብቻ ነበር። እሱም ምን ብሎ እንደሚቀበል ስላላወቀ ጠየቀ።

«ከዚህ በኋላ የሚባለው ምንድን ነው?»

«ከዚህ በኋላማ ሕዝቡ ያጨበጭባል» አለው አያ ጅቦ።

ቀበሮ ወደ አንበሳው ሄዶ ሁሉም ነገር መሰናዳቱን ነገረው። «ሴቶቹስ?» ቢለው «ከመቼውም ይልቅ ተወክለዋል» ብሎ እጅ ነሣ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። በግቢው ያሉት ሴቶች ሁሉ ከጓሮ ወጥ ቤት ገብተው ሥራ ላይ ናቸው። እናቲቱ አንበሳ እልፍኝ ውስጥ ሙሽሪትን ታለብሳለች። በአጋሙ ጥሻ ደግሞ ቆቂት ልጇን በክንፏ አቅፋ ጆሮዋን ጥላለች። ላለመስማት ብትፈልግም ልቧ እዚያው ነው።

«መጡ» አለች ጦጢት ከሾላው ላይ። «የሙሽራው አባት ከፊት ነው፤ ሽማግሌው ዝሆን አጠገቡ አለ። ሚዜዎቹ ሳቅ ሳቅ ብሏቸዋል። መከልከሉን ጓጉተውለታል።»

ከግቢው ድምፅ ተነሣ፤ ጅብ፣ ከርከሮ፣ አውራ ዶሮና አህያ ባንድ ላይ።

«ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት!»

ከዚያ ጸጥ አለ። ቆቂት ሳታስበው ሁለተኛዋ ስንኝ አፏ ድረስ መጣችባት፤ መልሳ ዋጠቻት።

«ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት!»

«ሚዜዎቹ ሳቃቸውን ተዉ» አለች ጦጢት።

«ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት!»

«ዝሆኑ ጆሮውን አቀና። እልልታው የታል እያለ ነው።»

ያች ስንኝ ብቻዋን ስትሰማ ጨዋታ አይደለችም። የእናት ወተት ያልተነሣበት፣ እልልታ ያልተከተለው «አትግቡ» የጠላት ቃል ነው። ከጓሮ ያሉት ሴቶች እንኳ የሰሙት የከርከሮ ጩኸት ብቻ ስለነበር ጠብ የተነሣ መሰላቸው። ልጆቻቸውን ሰብስበው የወጥ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

«በዚህ ቤት ሴት የለም» አለ ዝሆኑ። ድምፁ ወንዙ ዳር ድረስ ይሰማል። «ይህን ያህል ሠርግ በልቼ ሴት የሌለበት ደጃፍ አይቼ አላውቅም። ልጅቱን አሽሽተዋታል፤ ያቆሙልን ጦር ነው። ያ ሻሽ ያሰረውንማ ተዉት፤ ሊያሾፉብን ነው።»

የሙሽራው አባት አገሣ። የሙሽሪት አባትም ከውስጥ መልሶ አገሣ። ሚዜዎቹ ጥፍራቸውን አወጡ።

«እሰይ» አለች አህዪት፣ «ይበላቸው።»

ቆቂት ግን ደስ አላላትም። ልጇን ስትድር ሳቅና እንባ ቀላቅላ ያወጣቻት ዘፈን ደም ልታፋስስ ነው። «ዘፈኔን ገደሏት» አለችና አለቀሰች።

ጦጢት ከላይ ሆና ማየቷን ቀጥላለች። «አንበሳው ቀበሮን ጠራው። የሴቶቹ ድምፅ የታለ እያለው ነው። ቀበሮ ከበሮውን እያሳየው ነው።» አንገቷን አሰገገች። «አንበሳው ከበሮውን አየው። አሁን ደግሞ የቀበሮን ቆዳ እያየ ነው።»

«ምን አለው?» አለች አህዪት።

«ይሄስ ለከበሮ ይሆናል ወይ አለ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ቀበሮ ወንዙ ዳር ደረሰ። ከሩጫው ብዛት መቆም አቅቶት አጋሙ ውስጥ ገብቶ ፊቱ ተቧጭሯል።

«እመት ቆቂት፣ እህቴ፣ ቶሎ ነይ።»

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» አለች ጦጢት ከላይ።

«ቆቅ ነሽ አላልከኝም?» አለችው ቆቂት።

«ዘፋኝ ነሽ። ከዘፋኝም ዘፋኝ ነሽ። የፈለግሽውን በዪ፣ ብቻ ነይ።»

«እኔ አወርዳለሁ። አያ ጅቦና ጓደኞቹ ይቀበላሉ። ከመጀመሬ በፊት ደግሞ ዘፈኗ የማን እንደሆነች አንተ በአፍህ ትናገራለህ።»

«ይሁን።»

የአንበሶች ጥፍር ወደ ወጣበት ቦታ ልጅ ይዞ አይኬድም። ቆቂት ልጇን ከአጋሙ ጥልቅ ውስጥ ሸሽጋ፣ «አትንቀሳቀሺ» ብላ አስጠንቅቃ ከአህዪትና ከጦጢት ጋር ሄደች። እዚያ ሲደርሱ ቀበሮ አንድ ጉቶ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን እንግዶች፣ አሁን ደግሞ አያ ጅቦ ራሱ ፈልጎ ያገኛት፣ አያ ጅቦ ኮትኩቶ ያሳደጋት አዲስ ድምፅ...»

ቆቂት ዝም ብላ ቆመች። የማዶው አንበሳ አንድ እርምጃ ተጠጋ።

«ጀምሪ እንጂ» አላት ቀበሮ በጥርሱ መካከል።

«ጨርስ እንጂ» አለችው።

የሙሽሪት አባት እንደገና ቆዳውን ሲያይበት ቀበሮ ተጣደፈ። «ዘፈኗ የቆቂት ናት። ያወጣቻት እሷ ናት። እስከ ዛሬም የእሷው ነበረች» አለ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተናገረው።

ቆቂት ደጃፉ ላይ ቆመች። አጭር ናት፤ ያላያት ግን አልነበረም። ያችኑ ስንኝ፣ አያ ጅቦ ሲጮኽባት የዋለችውን፣ ቀስ ብላ አወረደቻት። ቃሉ ያው ነው። ሚዜዎቹ ግን ጥፍራቸውን መለሱ።

አሁን መቀበል የአያ ጅቦ ተራ ነው። አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ቆመ። ለመቀበል አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በዚህ ሥራ ልምድ የለውም። አህዪትና ጦጢት ግራና ቀኙ ቆመው ተቀበሉለት።

«ገና አልጠገበችም የእናቷን ወተት!»

አህዪት እልልታዋን ለቀቀችው። የአህያ እልልታ ያማረ ነው ብሎ መዋሸት አይቻልም፤ ግን ከወንዝ ማዶ ይሰማል። የወጥ ቤቱ መቀርቀሪያ ወደቀና ከጓሮ ያሉት ሴቶች እልል እያሉ ወጡ። እናቲቱ አንበሳ ከእልፍኝ እያለቀሰች ብቅ አለች፤ ልጇን የምትሰጥ እናት ናትና ስንኟ አንጀቷን በልታታለች። ሚዜዎቹ እንደወጉ መለመን ጀመሩ።

«ለካስ ሠርግ ነው» አለ ዝሆኑና ሳቀ።

አያ ጅቦ ወደ ከርከሮ ጠጋ ብሎ «ይሄ ዘፈን መጨረሻ ነበረው እንዴ?» ሲል ጠየቀው። ወዲያው ሥጋው ሲወጣ መጨረሻውንም ጥያቄውንም ረሳቸው።

ሠርጉ አማረ፤ አንበሶቹም ታረቁ። ሴቶቹ በአደባባይ ስለዘፈኑ አዋጁ እንደገና ጠበቃቸው። አያ ጅቦ ግን ቀጠሮ አይረሳም። ምሽቱን ወደ አህዪት ቀስ ብሎ ሲጠጋ አንዲት እልልታ ጆሮው ላይ ለቀቀችበት፤ ሳያስበው ወንዙን ተሻግሮ ተገኘ። ቆቂት ብቻ ልቧ አልሞላም። ልጇ እሾህ ውስጥ ሆና እልልታውን እንጂ የቀበሮን ቃል አልሰማችም። «ለመልሱ ድግስ ይዣት እመጣለሁ፤ ያኔ ትሰማለች» ብላ ራሷን አጽናናች።

የመልሱ ድግስ ቀን ልጇን አጥባና አበጥራ ይዛት ሄደች። እንስሳቱ ሁሉ ተሰብስበዋል። አንበሳው ተነሥቶ ቆመ፤ ካባ ይዟል። አጠገቡ ቀበሮ አለ፤ ያን ሰሞን ከአንበሳው ጆሮ አልራቀም ነበር።

«በልጄ ሠርግ ሴቶችን ወደ ፊት አውጥቶ ያዘፈነ አንድ ጀግና አለ» አለ አንበሳው። «ባለ ውለታችንን ልሸልመው። አያ ጅቦ፣ ና።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ቀበሮም «ካባው የተሠራው ከጊደር ቆዳ ስለሆነ በሽልማቱም ሴቶች ተወክለዋል» ሲል አብራራ። ቆቂት ልጇን አየች፤ ልጇ ከሌሎቹ ጋር እያጨበጨበች ነው። ልቧ ተሰበረ።

አያ ጅቦ ካባውን ደርቦ ወደ ፊት ወጣ። ሲሸለሙ ማመስገን ደንብ ነው፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ አወረደ።

«ቆዩ ከደጃፉ፣ አትግቡ ከቤት!»

ቆሞ ጠበቀ። አህዪት አልተቀበለችም። ጦጢት አልተቀበለችም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቆቂት ዞረ። እሷም እጅ ነሥታ፣ በጨዋ ደንብ፣ «ጨርሳት እንጂ አያ ጅቦ» አለችው።

አያ ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ወደ ከርከሮ ዞረ። ከርከሮ መሬት አየ። አያ ጅቦ ሌላ መላ ስላልነበረው ያችኑ ስንኝ ጮክ ብሎ ደገማት፤ ደግሞም ቆመ። ካባው ከበደው መሰለኝ ትከሻው ወረደ።

በዚያ ጸጥታ መካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ ከእናቷ እግር ሥር ተሰማች።

«ገና አልጠገበችም የእናቷን ወተት» አለች የቆቂት ልጅ። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻትና ጠየቀች። «እማ፣ ለምን አቃተው? የሱ አይደለችም እንዴ?»

«አይደለችም፤ የኔ ናት ልጄ» አለች ቆቂት።

ያን ቀን እልልታውን የጀመረችው እናቲቱ አንበሳ ነበረች። አያ ጅቦ ለእሱ መስሎት ካባውን አስተካክሎ ጎንበስ አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘፈን የሚጨርሱትን ከኋላ አቁሞ ለሚጀምረው ብቻ ካባ የሚያለብስ አገር፣ እንግዳ ደጁ በቆመ ቀን «አትግቡ» ከማለት ሌላ የሚያውቀው ስንኝ እንደማይኖረው ነው።